ምንም አልጎደለንም

እሑድ፣ ኖቬምበር 6፣ 2005

ይህ ደብተር የመንግሥት ነው። ሽፋኑ ላይ የሚኒስቴሩ ምልክት አለበት። ዛሬ ኩርሱ ሲጀመር አሥራ ሰባት ደብተር መጣ፤ ተማሪው አሥራ ስድስት ነው። አስተማሪው አቭነር የተረፈውን ወደ ሳጥኑ ሊመልስ ሲል "ብቻውን ይደብረዋል" ብዬ ወሰድኩት። ሳቀ። አቭነር ሲስቅ ሆዱ ይቀድመዋል።

እንግዲህ እኔ አንዳርጌ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ባለ ደብተር ሆንኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎንደር ሳለሁ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ጽሕፈቴ እንደ ግድግዳ ቢጎረብጥ አይፈረድብኝም። ዕብራይስጡን ደግሞ አውቶቡስ ላይ ከተጻፈው ነው የለቀምኩት። አውቶቡሱ ቆሞ ካልጠበቀኝ አሁንም ግማሹ ያመልጠኛል።

ሥራዬን ልጻፍ። እዚህ እስራኤል፣ ሐደራ ከተማ ኢንዱስትሪ ሰፈር፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ የወለል ንጣፍ ሥራ ኩርስ ተከፍቷል። ወጪው የመንግሥት። ሦስት ወር መጋዘን ውስጥ ትምህርት፣ ሦስት ወር እውነተኛ ሕንፃ ላይ ልምምድ፣ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ ተዑዳ፤ የምስክር ወረቀት ማለት ነው። ተዑዳ ያለው ሰው ባለሙያ ይባላል። የሌለው የፈለገውን ያህል ቢያውቅ ረዳት ነው። እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ሴራሚክ ሳነጥፍ ኖሬ ረዳት ነኝ። እዚህም የገባሁት የአቭነር ረዳትና አስተርጓሚ ተብዬ ነው። ስሙን ወድጄዋለሁ፤ ረዳት ሲሳሳት ተጠያቂው ዋናው ነው።

ከአሥራ ስድስቱ ሴት አንዲት ናት፤ የእህቴ የአመለወርቅ ልጅ፣ ጥሩአለም። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የቢሮ ጽዳት ሥራዋን ያስተውኳት እኔ ነኝ። "ወለል ስትወለውይ ከምታረጅ ለምን ወለሉን ራሱን አትሠሪውም? የሚወለውል ሰው አይጠፋም" አልኳት። ነገር ሳሳምር እኔንም ያሳምነኛል።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 15

ጥሩአለም የመጀመሪያዋን ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር አነጠፈች። ሲባጎ ወጥራ፣ በጎማ መዶሻ ኳ ኳ እያደረገች፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ። ስትጨርስ "እንዴት ነው አጎቴ?" አለችኝ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቼ ወለሉ ላይ ደፋሁት። ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው መሄድ የነበረበት ውሃ በሩን ይዞ ወጣ።

"ይኸው" አልኳት። "ውሃው እንኳ ቤትሽን ጠልቶ ሄደ።"

"ይሳቁ፣ ይሳቁ። አንድ ቀን እኔም በእርስዎ ወለል ላይ እደፋለሁ።"

"ጸጉርሽ ሲሸብት።"

ጥፋቱ ግን የእሷ ብቻ አልነበረም። መጋዘኑ ውስጥ ያለው የወለል ማስተካከያ ውሃ ልክ ሁለት ብቻ ነው፤ ለአሥራ ስድስት ሰው። አንደኛው ደግሞ ውሸታም ነው፤ ዘንበል ያለውንም ቀጥ ብሏል ይላል። እንዳንሳሳት ጫፉን ቀይ ቀለም ቀባሁትና "አስታራቂው" ብለን ስም አወጣንለት፤ ለሁሉም "ልክ ነህ" ስለሚል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 30

ዝናብ። ጣሪያው አራት ቦታ ያፈሳል። ባልዲ ደርድረናል። አሸዋው ረጠበ፣ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ድንጋይ ሆነ። የመቁረጫው ማሽን አንድ ብቻ፤ ሰልፉ እንደ ጤና ጣቢያ። ከተማሪዎቹ አንዱ አያና የሚንበረከከው በታጠፈ ካርቶን ላይ ነው። ዛሬ ሲነሳ ግድግዳ ይዞ ነው የተነሳ። "አያና፣ ጉልበትህን ዘይት ቀባው" አልኩት። ሳቀልኝ፤ ጥርሱን ነክሶ ነው እንጂ።

ነገ የሲግድ በዓላችን ነው፤ ኢየሩሳሌም እንወጣለን። ጾም ስለሆነ ባለቤቴ ወለላ "አፍህም አብሮ ቢጾም" አለችኝ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 12

ነገ ከሚኒስቴሩ ሰው ትመጣለች። እያንዳንዱን ተማሪ ጠይቃ ወረቀት ትሞላለች፤ እኔ አስተረጉማለሁ። አቭነር "ተማሪዎቹ የጎደለውን ሁሉ ይንገሯት" አለኝ። እሺ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ሰዎቹን ሰብስቤ ጥቂት ነገር ነገርኳቸው። ስለ አቀባበል። አመለወርቅ ዳቦ ትጋግራለች።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 13

እንዴት ያለ ቀን ነው! ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

እንግዳዋ ወጣት ናት። ኮምፒውተሯን እንደ ሕፃን ታቅፋ ገባች። መጋዘኑ ተጠርጎ፣ ባልዲዎቹ ከበሩ ኋላ ተደብቀው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሻዩ ፈልቶ ጠበቃት። ከሁላችን የሚበልጡት ጋሼ ብዙአለም የሰንበት ኮታቸውን ለብሰው መጥተዋል። ሲሚንቶ ሊያቦኩ።

መጀመሪያ እሳቸውን ጠየቀች። የሚጎድል መሣሪያ አለ ወይ? ጋሼ ብዙአለም ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ መከራ አውጥቶ፣ ቤት ሰጥቶ፣ በስተርጅና ሙያ እያስተማረን ምን ይጎድለናል? ምንም አልጎደለንም። እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺም ተባረኪ፣ እናትሽም ትባረክ።"

"ምንም አልጎደለም" ብዬ አስተረጎምኩ። ምርቃቱን ለማሳጠር ተገደድኩ።

ቀጥሎ አያና። ሲያነክስ አይታዋለች መሰለኝ "እግርህ ምን ሆነ?" አለችው።

"ይህማ ከልጅነቴ ነው" አለ። ገና አንድ ወርም አልሞላው። እኔም አሳምሬ አስተረጎምኩለት።

ተጨማሪ ሰዓት ያስፈልጋችኋል? አይ፣ እንዳናስቸግር። ሁለተኛ ማሽን? አንዱም ገና አልደከመው። ሳቀች፣ ጻፈች። ጥሩአለም ጋ ስትደርስ ልጅቱ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም፤ ዕብራይስጧ ከእንግዳዋ እኩል ነው። አፏን ስትከፍት አየሁና ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ "ሁሉም በሴደር ነው" አለች፤ ሁሉም ደህና ነው ማለቷ ነው።

እንግዳዋ የተረፈውን ዳቦ በላስቲክ ጠቅልለንላት ሄደች። በር ላይ "እንዲህ የረካ ቡድን አይቼ አላውቅም" አለችኝ። አኮራን! አቭነር ብቻ ቀኑን ሙሉ ሆዱ ሳይስቅ ዋለ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 28

ሐኑካ። አቭነር የበዓሉን ጣፋጭ ዳቦ፣ ሱፍጋኒያ፣ ይዞልን መጣ። እያኘከ "ሰዎቹ ያን ቀን እንግዳዋን ምን አሏት?" አለኝ።

"ሰላም አሏት" አልኩት።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 8፣ 2006

ደብዳቤ መጣ። አቭነር በዕብራይስጥ አነበበ፣ እኔ በአማርኛ ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ይላል፦ ተሳታፊዎቹ ሙሉ በሙሉ መርካታቸውንና ምንም ጉድለት እንደሌለባቸው ስለገለጹ፣ ለሁለተኛው አጋማሽ የተያዘው ባጀት የበለጠ ጉድለት ወዳለበት ቦታ ተዛውሯል።

ስለዚህ ፌብሩዋሪ 5 ይዘጋል። ልምምድ የለም። ልምምድ ከሌለ ፈተና የለም፣ ፈተና ከሌለ ተዑዳ የለም። "ኩርሱ ላይ ነበሩ" የሚል ወረቀት ይሰጣል። እኔስ አሥራ ሦስት ዓመት ነበርኩ፤ መኖር ምን ያደርጋል?

አስተርጓሚ ሆኜ ቃል ሲጠፋኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ጋሼ ብዙአለም "ምስጋናችን አልደረሳቸው ይሆን?" አሉ። ጥሩአለም ጓንቷን ጣት በጣት እያወለቀች ነበር።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 9

የሆነ ሰው የሆነ ነገር ብሎ ይሆናል። ወይ ኮምፒውተሩ ተሳስቷል። ኮምፒውተር ይሳሳታል ይባላል።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 12

ገበያ በርበሬ ስገዛ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦

"የአንዳርጌ ኩርስ ሊዘጋ ነው አሉ።"

"አፉ ቢዘጋ ይሻል ነበር። ያቺን ልጅ ከሥራዋ አስወጥቶ!"

ዞር ብዬ "ደህና ዋላችሁ?" አልኳቸው። አንደኛዋ ቲማቲሙ ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራት። እየሳቅሁ ወጣሁ። ቤት ስደርስ በርበሬውን ገበያ ረስቼው ነበር።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 14፣ ሰንበት እንደወጣ

ደብተር፣ አንተ የመንግሥት ነህና ለማንም እንዳትናገር።

ዲሴምበር 12 ሰዎቹን ሰብስቤ ያልኳቸው ይህ ነው፦ "ነገ የምትመጣው እንግዳ ናት። እንግዳ ፊት ጎደለን ማለት ነውር ነው። ባልዲውን ደብቁ። ለምኖ አደር እንዳንባል።" አቭነር ያለኝን አላስተላለፍኩም። ሰዎቹም ከእኔ የባሱ ጨዋ ናቸው፤ እሺ ለማለት አልዘገዩም። ጥሩአለም ብቻ "አጎቴ፣ እኮ ልትጠይቅ አይደል የምትመጣው?" ብላ ነበር። "አንቺ ልጅ፣ ፈረንጅ ሆነሻል" ብዬ አሳቅሁባት። ሁሉም ሳቀባት።

የማውቀው ይህንኑ ነው። አባቴ እንግዳ ሲመጣበት "እኛ በልተናል፣ ብላ" ነበር የሚለው። እኛ ልጆቹ ሳንበላ በልተናል እያልን፣ እንግዳው ሲያጎርሰን እምቢ እያልን አደግን። ያ እንግዳ ግን ሲሄድ "ምን የመሰለ ቤት!" እያለ ስማችንን ይዞ ይዞር ነበር። ይቺ ስማችንን ኮምፒውተር ውስጥ ከታ ሄደች።

ዛሬ እራት ላይ ወለላ ጀመረችኝ።

"ምነው ዝም አልክ? ያመሃል?"

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

"እቴ! ዝም ማለት የነበረብህ ያኔ ሌሎቹን ዝም ስታሰኝ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?"

"ደጃዝማችነት ማን ፈለገ?"

"አንተ አልፈለግህም። ጥሩአለም ግን ፈልጋ ነበር።"

ሳህኑን አንሥታ ሄደች። ያላለቀ ነበር፤ በልቻለሁ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 17

ጥሩአለም ዛሬ ሲሚንቶ እያቦካን፣ ቀና ሳትል፦

"አጎቴ፣ እንግዳዋ የመጣች ቀን ጉሮሮዎን አሞዎት ነበር?"

"ትንሽ።"

"አሁንስ ተሻለዎት?"

ባሕሩ ዳር ያለው የመብራት ኃይሉ ጭስ ማውጫ በላዬ የወደቀ መሰለኝ። ይህን ማሾፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ናት።

ከሥራ በኋላ አቭነርን ብቻውን አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። "እና አሁን እውነቱን ይላሉ?" አለ። ይግባኝ ማስገባት ይቻላል፣ በአሥር ቀን ውስጥ፣ እያንዳንዱ የጎደለውን ጽፎ። እንዴታ፣ ይላሉ፣ አልኩት።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 20

አይሉም።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ሁሉንም ናሓል ሐደራ ወንዝ ዳር፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ሰበሰብኳቸው። ሥጋ ጠብሼ። ሰው አፉ ሙሉ ሲሆን አይሳደብም ብዬ። ተነሥቼ "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እናንተን ዝም ያሰኘሁ እኔ ነኝ" አልኩ። ቀልድ ልጨምርበት ፈልጌ ነበር፣ አልመጣልኝም። ጥሩአለም እሳቱን በእንጨት ትቆሰቁስ ነበር፤ መቆስቆሷን አቆመች።

ማንም አልተቆጣም። እሱ ነው የባሰው። አያና "ኧረ ምን አጠፋህ፤ ወግ ነው" አለ።

ይግባኙን ስነግራቸው ግን ጋሼ ብዙአለም ሥጋውን አስቀመጡ።

"አንዳርጌ፣ እኔ ያቺን ልጅ እናትሽ ትባረክ ብያታለሁ። ባመሰገንኩበት አፍ ተመልሼ ጎደለኝ ልበል? ምርቃት ይበላል እንዴ?"

"ጋሼ፣ ካላሉ ኩርሱ ይቀራል።"

"ይቅራ! ከነክብሬ ልቅር።"

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ "እኔማ ምን ጎደለኝ" አለ፤ ጫማው አፉን ከፍቶ ጣቱ ይታያል። ጥሩአለም ተነሥታ ወደ ወንዙ ሄደች። ጀርባዋን አየሁት። ያኔ ነው እንግዲህ ክፋቴ የረዳኝ።

"እሺ፣ የእርስዎን ተዉት ጋሼ" አልኩ። "ለራስ መለመን ነውር ነው። አያና ግን ምን ይጎድለዋል?"

"አያናማ!" አሉ፣ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው። "ይህ ሰው ሁለት ወር ሙሉ ካርቶን ላይ ተንበርክኮ ጉልበቱ እኮ አለቀ! ለጉልበት የሚታሰር ስፖንጅ አጥቶ! ይህ ግፍ አይደለም? እግዜር አያይም?"

"አያና፣ አንተስ? ጋሼ ብዙአለም ምን ይጎድላቸዋል?"

"ዓይናቸው!" አለ አያና። "መጋዘኑ ጨለማ ነው፣ መብራት የለ፤ መስመሩን በመዳፋቸው እየዳበሱ ነው የሚሠሩት። እሳቸው አይናገሩም እንጂ።"

"አንተ! ማን ነገረህ?"

"አያለኋ!"

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው። እሱ ጓንት የለውም፣ እሱ ማሽን ሲጠብቅ ቀኑ ያልፋል፣ እሱ ላይ ጣሪያው ያፈስበታል። ሁሉም ስለሌላው ይጮኻል። ከጎናችን ሥጋ የሚጠብሱ ሰዎች ጠብ መስሏቸው ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። ጥሩአለም ጩኸቱን ሰምታ ተመለሰች።

"ምን ሆናችሁ?"

"እርሳስ አምጪ" አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 24

ሦስት ቀን ጽፈን ጨረስን። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፣ እያንዳንዱ በቀኙ ስለተቀመጠው ሰው ጉድለት ይናገራል፣ ጥሩአለም በዕብራይስጥ ትጽፋለች፣ ተናጋሪው ይፈርማል። የሚነገርለት ሰው ጆሮውን እንዲይዝ ፈረድኩ። ጋሼ ብዙአለም ግን ጆሯቸውን ከፈት አድርገው ነበር የያዙት።

የጥሩአለምን ጉድለት የተናገረው አያና ነው፦ "ይህች ልጅ ሥራዋን ትታ መጥታለች። የሚጎድላት እኛ የጀመርነውን መጨረስ ነው።" የራሷን ቃል በቃል እንዲሁ ጻፈችው። እኔ ሻይ ልቀዳ ተነሣሁ።

መጨረሻ ላይ እሷም በቀኟ ስለነበሩት ስለ ጋሼ ብዙአለም ጻፈች። የመብራቱን ነገር ደግማ። ከዚያ "አጎቴ፣ ሌላ ወረቀት ይስጡኝ፣ አንዱ ተበላሸብኝ" አለች። የመንግሥት ወረቀት አታባክኚ አልኳት። ፖስታውን እኔው ራሴ አሸግኩት።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 5

መጋዘኑ ተዘጋ። መልስ የለም። አቭነር ቁልፉን ኪሱ ከተተ። "አስታራቂው" መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 7

ጠዋት ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ጥሩአለምን አገኘኋት። የጽዳት ሥራዋን ዩኒፎርም ለብሳ። ለምናቸው ነው ተመልሳ የገባችው፣ እኔ ሳላውቅ።

"ደህና አደሩ አጎቴ?"

"ደህና አደርሽ።"

አውቶቡሱ መጣ። ላዩ ላይ የተጻፈውን እንደሁልጊዜው እስከ ግማሽ አነበብኩ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 13

አቭነር ጋ ደወልኩ። ምርጫ ስለደረሰ አዲስ ባጀት የለም ይላል። የተረፈ ካለ ብቻ። "ተስፋ አለ?" ስለው "አንተ አስተርጓሚ ነህ፣ አንተ ንገረኝ" አለ።

ዛሬ ሥራ የለኝም። የወጥ ቤታችንን ወለል ሁለት ጊዜ ወለወልኩት። ወለላ ቆማ አየችኝና ባልዲውን ወሰደችብኝ።

ረቡዕ፣ ማርች 1

ደረሰ! ደረሰ! ልረጋጋ።

አቭነር ሁላችንንም መጋዘኑ ጠራን። ጥሩአለም ከሥራዋ ከነጓንቷ ነው የመጣች። ደብዳቤው ይላል፦ ሦስት ወሩ አይመለስም፤ የተገኘው አምስት ሳምንት ነው። ልምምድ በአምስት ሳምንት፣ ከዚያ ፈተና፣ ኤፕሪል 6። ሁለተኛ መቁረጫ ማሽን፣ መብራት፣ የጉልበት ስፖንጅ ለአሥራ ሰባት ሰው። የፈተና ቦታም ለአሥራ ሰባት ሰው።

"መቁጠር እንኳ አያውቁም!" ብዬ ሳቅሁ። "ደብተሩንም አሥራ ሰባት ልከው ነበር።"

የሳቅሁት ብቻዬን ነው። አቭነር ከፖስታው አንድ ወረቀት አወጣ። "የቆጠሩት ደብዳቤውን ነው" አለ። "አሥራ ሰባት ደብዳቤ ነው የደረሳቸው። የመጨረሻው ይኸው፣ የጥሩአለም እጅ ነው፤ አስተርጉምልን።" ሰጠኝ። ወረቀቱን አየሁት፣ አገላበጥኩት፣ መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ አልኩ። መነጽር የለኝም። ጥሩአለም ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችና እሷው በአማርኛ አለችው፦

"የአጎቴ የአንዳርጌ ጉድለት። በዚህ ከተማ ስንት ቤት አነጠፉ፤ ተዑዳ የላቸውም። እኛን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ ተማሪ ተብለው አልተመዘገቡም። የሚጎድላቸውን አይጠይቁም፤ ይቀልዳሉ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ያኔ መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ።

እሑድ፣ ማርች 12

እውነተኛ ሕንፃ ላይ ነን፣ ሦስተኛ ፎቅ። ጉልበቴ ላይ ስፖንጅ አስሬያለሁ። አያና "ጉልበትህን ዘይት ቀባው" አለኝ። ከሦስት ወር በላይ ይዟት የቆየ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 23

ፈተናው ሁለት ነው፤ የእጅ ሥራና የጽሑፍ ጥያቄ። ጥሩአለም በምሳ ሰዓት ዕብራይስጥ ታስነብበኛለች። ስሳሳት አትስቅም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 6

ለያንዳንዳችን ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተሰጠን። ፈታኙ ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ሳጥን ሳጥን መሣሪያ አደለና ከእኔ ጋ ሲደርስ "የሚጎድልህ ነገር አለ?" አለኝ።

አፌ ልማዱን አይለቅም፤ "ምንም..." ብሎ ጀመረ። ዓይኔ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ጫፉ ቀይ የተቀባ ውሃ ልክ። አስታራቂው! የመጋዘኑን መሣሪያ ነው ያመጡት። ከአሥራ ሰባቱ መርጦ እኔን። ሰውዬው እንግዳ ነው፣ ትሑት ሰው ነው፣ ማልዶ ነው የመጣ። ዝም ብዬ በዓይኔ ልለካው አሰብኩ። አሥራ ሦስት ዓመት በዓይኔ አይደል? ከዚያ ጥሩአለም በሁለት ሜትር ርቀት ተንበርክካ ወደ እኔ ስታይ አየኋት።

"ይጎድለኛል" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነው መሰለኝ መዶሻው ሁሉ ቆመ። "ይህ ውሃ ልክ ውሸታም ነው። ሌላ ስጠኝ።"

ፈታኙ ወለሉ ላይ አስቀመጠው፣ አዙሮ አስቀመጠው፣ አየ። ይቅርታ ጠይቆ ሌላ አመጣ። ይኸው ነው። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

"ጉሮሮዎ ተሽሎታል!" አለች ጥሩአለም።

ሲያልቅ ፈታኙ በየወለሉ ውሃ እየደፋ አየ። የጥሩአለም ውሃ ዘወር ሳይል፣ ሳያመነታ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ቀዳዳው ገባ። እኔ ጋ ሲመጣ ልጅቱ ተነሥታ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበለችው። "ይህን እኔ ልድፋው፣ ቀጠሮ አለን" አለችው። ደፋች። ውሃው ሄደ። አንዲት ጠብታ ብቻ መጋጠሚያው ላይ ቀረች።

"ይኸውልዎ፣ አንዲት ቀርታለች።"

"እሷን ለአንቺ መጠጫ ነው የተውኳት።"

እሑድ፣ ኤፕሪል 23

ፋሲካ አለፈ፣ ውጤቱ መጣ።

ጥሩአለም ተዑዳዋን አገኘች። አመለወርቅ በላስቲክ አሽጋ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ እንግዳ ሲገባ ከሻዩ በፊት እሱን ነው የምታሳይ። ጋሼ ብዙአለም አገኙ፣ አያና አገኘ። የእኔ የእጅ ሥራው አልፏል። ጽሑፉ ግን በሁለት ጥያቄ ወደቀ። በጁን ደግሜ እፈተናለሁ።

ዛሬ ገበያ መሐል፣ ከበርበሬው ፊት ለፊት፣ ጋሼ ብዙአለም በታላቅ ድምፅ "አንዳርጌ፣ አንተስ?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ይሰማል። "ሁለት ጥያቄ ጎድሎኛል" አልኳቸው። ሴቶቹ ቲማቲም መምረጥ አቆሙ። እሳቸው ግን እዚያው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፦ "ጥሩአለም! አንዳርጌ ሁለት ጥያቄ ጎድሎታል፣ አስተምሪው! እሱ አይነግርሽም!" ነግሬያት ነበር። በራሴ አፍ፣ ትናንት። አላረምኳቸውም፤ የሰው ጉድለት መናገር እንዴት እንደሚጣፍጥ አውቃለሁ።

ከነገ ጀምሮ ጥሩአለም ሥራ አላት፣ ቤት ኤሊዔዘር ውስጥ፣ አንድ ሙሉ ቤት ማንጠፍ። ባለሙያ ተብላ። ረዳት ያስፈልጋታል፣ ተዑዳ የሌለው። እኔን መረጠች።

ረዳት ሲሳሳት ተጠያቂው ዋናው መሆኑን አስቀድሜ ነገርኳት። ጉሮሮዋን ጠረገች።